ግንቡን ያለፉ አስራ አንድ መንገደኞች

የዓለምወርቅ ወልደኢየሱስ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ትልቅ ነው። ክፍሏ ውስጥ ስም ስትጠራ የጎን ክፍል ተማሪዎች «አቤት» ይላሉ እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ባል አላገባችም። ምክንያቱን ሲጠይቋት «አላሰላሁትም» ትላለች።

1978 ዓ.ም. ነው። ረቡዕ ከሰዓት ውይይት አለ፤ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ በመካከሉ ትምህርት አለ።

የተወለደችው ኮላ ድባ ነው። አባቷ መርጌታ ወልደኢየሱስ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር፤ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ከዓመቱ ቁጥር የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን ሂሳብ። ለሴት ልጅ አላስተማሩም። ግን የጎጆው ግድግዳ ስስ ስለነበረ ትምህርቱ ውጭ ድረስ ይሰማል። ጥጥ እየፈተለች ሰማች። ከወንዶቹ ተማሪዎች ቀድማ ማስላት ስትጀምር አባቷ አልተቆጡም። «ለአንቺስ አስኳላ ይሻልሻል» አሉና ጎንደር አክስቷ ዘንድ ላኳት። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ተመልሳ ጎንደር።

በዚያ ዓመት ለኮላ ድባ ጤና ጣቢያ የራጅ መሣሪያ ተሰጠ። በሳጥን ታሽጎ መጣና ጎንደር አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ የኮላ ድባና የዙሪያው የደምቢያ ሰው አጥንቱ ሲሰበር ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወጌሻ ወይም በቃሬዛ ወደ ጎንደር። ብዙው ወጌሻውን ይመርጣል። ቅርብ ነው፣ ወረፋም የለውም።

የመሣሪያው ክፍል ግንቡ አልቋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ክንዱ ሰው አስተባብሮ በድንጋይና በሲሚንቶ አስገንብቶታል። ያላለቀው ፈቃዱ ነው። ጨረር በግንብ ውስጥ ያልፋል። በእርሳስ ቆርቆሮ ቢለበጥ ይያዝ ነበር፤ የእርሳስ ቆርቆሮ ግን አገር ውስጥ አልተገኘም። አዲስ አበባ ያለው ፈቃድ ሰጪ ክፍል ያወጣው ደንብ አጭር ነው። ወደ ግንቡ ከሚገባው ሺህ ጨረር ከአስር በላይ ካለፈ መሣሪያው ለሌላ አውራጃ ይሰጣል። ተራ የሚጠብቁ አሉ።

የሚለካበት መሣሪያ አልነበረም። ማስላት ግን ይቻላል። የጤና ጣቢያው ሰዎች የዓለምወርቅን ፈልገው መጡ። ከመጡት አንዷ ሐረገወይን ናት፤ ራጅ ማንሳት የሰለጠነች ጤና ረዳት። መሣሪያው ሲሠራ ከግንቡ ኋላ የምትቆመው እሷ ናት።

«ታወጪዋለሽ?» አለቻት።

«አገሬ አይደለም እንዴ። አወጣዋለሁ» አለች የዓለምወርቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጨረር ግንብ ውስጥ ሲገባ ዕጣው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ድንጋዩ ሊውጠው ይችላል። ተጋጭቶ ሊመለስ ይችላል። ሊቀጥልም ይችላል። የሚታወቀው ዕድሉ ብቻ ነው፤ ከመቶ ስንቱ ይዋጣል፣ ከመቶ ስንቱ ይመለሳል። ስለዚህ ግንቡን በወረቀት ላይ በረድፍ በረድፍ ትከፍለዋለህ። ሺህ ጨረሮችን አንድ በአንድ ታስገባለህ። በየረድፉ ዕጣ ታወጣላቸዋለህ። በመጨረሻ በወዲያኛው ፊት የወጡትን ትቆጥራለህ። መምህራኑ ጨረሮቹን «መንገደኞች» አሏቸው፤ ስሙ ጸና።

ዕጣውን ወረቀት ጠቅልሎ ከባርኔጣ ማውጣት ከተባለ ሥራው ክረምት ሳይገባ አያልቅም። የዓለምወርቅ በሂሳብ ሠራችው። ከሰባት ተነሳ። በ421 አባዛ፣ 11 ጨምር፣ የመጨረሻዎቹን አምስት አኃዞች ብቻ ያዝ። 2958 ይመጣል። ያንኑ ድገም፤ 45329። ድገም፤ 83520። ከአምስቱ አኃዞች የፊተኞቹ ሁለት ከመቶ የወጣ ዕጣ ይሆናሉ፤ 45329 አርባ አምስት ነው። ቁጥሮቹ መሬት ላይ እንደተበተነ ጤፍ ናቸው፤ ሥርዓት አይታይባቸውም። ግን ሥርዓት አላቸው። ከሰባት የተነሳ ሰው ጎንደር ይቀመጥ መካነ ብርሃን 2958 ላይ ይደርሳል። ይህ ጥቅም አለው። ዕጣ የሚመስል፣ ግን ሌላ ሰው ደግሞ ሊያወጣው የሚችል ዕጣ ነው።

የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ላይ መምህራኑን ለደቦ ጠራች። የሂሳብ መምህርቷ አማረች መጣች። የጂኦግራፊው መለሰ ሲጋራውን ይዞ መጣ። ሌሎች ሦስት ተጨመሩ። በቤተ ሙከራው ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልኩሌተርና ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። የዓለምወርቅ በመካከል ሆና ቁጥሩን እያወጣች ትጠራለች። እጁን ያነሳ የሚቀጥለውን ቁጥር ይወስዳል።

«ባለተራ?»

«እኔ» አለ መለሰ።

«አርባ አምስት።»

«ተዋጠ። ነፍስ ይማር።»

«አንተ የያዝከው ሁሉ ይሞታል» አለች አማረች።

«ምን ላድርግ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ነው የገቡት።» ያኔ ከወረዳ ወረዳ ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ አንዱ በሩን ዘጋው።

ከሺው መንገደኞች ስምንት አለፉ። ከአስር በታች ነው። የዓለምወርቅ ውጤቱን ወደ አዲስ አበባ ላከች። የኮላ ድባ ሰዎች በግ አረዱ።

ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ተላከ። ዓለምነው ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ቦርሳውን ከጉልበቱ የማያወርድ ሰው። ምሳ ጋበዙት፤ በላ። ስለ ስምንቱ አመሰገነ። ከዚያ «እስቲ እያየሁ ድገሙት» አለ።

ደገሙት። ያው ሰዎች፣ ያው ጠረጴዛ፣ ከሰባት ተነስተው። አስራ ሁለት አለፉ።

የዓለምወርቅ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ጓድ ዓለምነው፣ ቁጥሮቹ እኮ ያው ናቸው» አለች የዓለምወርቅ።

«ግንቡም ያው ነው። አንዴ ስምንት፣ አንዴ አስራ ሁለት። እኔ የትኛውን ይዤ ልፈርም?» ቦርሳውን ዘጋ። «ደባርቅ ሌላ ጉዳይ አለኝ። አርብ እመለሳለሁ። የጠየቅሁትን ሁሉ መልሶ የሚያወጣ ሥራ ካላየሁ መሣሪያው ይሄዳል። አትቀየሚኝ እህቴ።»

አልተቀየመችም። ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ፊት ቆመች።

ጥፋቱ ብዙ አልራቀም። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ያው ናቸው። ማን የትኛውን እንደወሰደ ግን ያው አይደለም። በመጀመሪያው ቀን መለሰ ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ባለበት ቀን ፈርቶ አልወጣም። እጁ ቀድሞ ተነሳ፤ የሌላው መንገደኛ የሚደርሰው ቁጥር ለእሱ መንገደኛ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተዛወረ። የሠሩት እንደ አጨዳ ደቦ ነው። በደቦ ማንም የራሱ የሆነ ትልም የለውም። የጨረሰ የሚቀጥለውን ይይዛል፣ የዘገየውን ያግዛል። ማሳውን ማን እንዳጨደው ማንም አይጠይቅም፤ እህሉ ያው እህል ነው። እዚህ ግን አጫጁ ሲለወጥ እህሉም ይለወጣል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች የዓለምወርቅ።

«የመለሰ ሲጋራ ነው» አለች አማረች።

«እንግዲህ ሁሉ ነገር በእኔ ሲጋራ ሊላከክ ነው» አለ መለሰ።

ማክሰኞ አዲስ መላ ያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መነሻ ቁጥር ተሰጠው። ጥሪ ቀረ። ሁሉም ከራሱ ካልኩሌተር ቁጥሩን ያወጣል፣ የራሱን ድርሻ መንገደኞች ያስኬዳል። ማንም የማንንም ቁጥር አይነካም። ዘጠኝ አለፉ። ሁሉም ደስ አለው። ረቡዕ ለማረጋገጥ ደገሙት። ሥራው ከእኩሌታው ሲደርስ አንድ የቀበሌ ጥበቃ በሩን አንኳኳ።

«ጓድ መለሰ፣ ትፈለጋለህ።»

«ለምን?»

«ለስብሰባ።»

«የማን ስብሰባ?»

«የሚሰበሰቡት ሰዎች።»

መለሰ ሄደ። የቀሩት መንገደኞቹን ተካፍለው ጨረሱለት፤ በየራሳቸው ቁጥር። አስራ ሦስት አለፉ።

አማረች እርሳሷን ወረወረች። «እንግዲህ መለሰ ስለተሰበሰበ የኮላ ድባ ግንብ ሳሳ ማለት ነው።»

ማንም አልሳቀም። አርብ ቅርብ ነው። እነዚህ ሰዎች በማንኛውም ሰዓት ለማንኛውም ነገር ሊጠሩ ይችላሉ፤ ተቆጣጣሪው ፊትም ቢሆን። ሁሉም ሰው በቦታው ካልተቀመጠ የማይሠራ መላ በዚያ ዘመን መላ አይደለም።

ወረቀቱን ሰበሰቡና ወደ ፒያሳ አብረው ወጡ። አማረች የምትወደው የበግ ጥብስ የሚሸጥበት ቤት በር ላይ ቆመች፤ ረቡዕ ነውና ተዘግቷል።

«ዓቢይ ጾም መቼ ነው የሚገባው?»

«መጋቢት አንድ» አለች የዓለምወርቅ፤ እርምጃዋን ሳታቆም።

«ጊዜ አለን ማለት ነው። ከርሞስ?»

የዓለምወርቅ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «የካቲት አስራ ስድስት።»

«ከዘንድሮው ላይ ስንት ቀን ቀንሰሽ ነው?»

«ከዘንድሮው ምን አገናኘው? ዓመቱን ትይዣለሽ፣ ታካፍያለሽ፣ ቀሪውን ታባዣለሽ፣ እንደገና ታካፍያለሽ። የከርሞን ለማወቅ የዘንድሮን ማን አሰላው ብለሽ አትጠይቂም። ዓመቱ ራሱ ይበቃዋል።»

ቆመች። አማረች ሁለት እርምጃ ቀደመቻትና ዞር አለች።

«ምነው?»

«ለሰው አይደለም ቁጥር መስጠት ያለብን። ለመንገደኛው ነው።»

ወደ ቤት መሄዱ ቀረ። ተመልሰው ወደ ቤተ ሙከራው ገቡ።

መላው ይኸው ነበር። መንገደኞቹ ከአንድ እስከ ሺህ ቁጥር ወጣላቸው። እያንዳንዱ መንገደኛ የሚነሳው ከራሱ ቁጥር ነው። ሦስት መቶ አርባኛው መንገደኛ ከ340 ይነሳል። አማረች ታስኬደው መለሰ፣ ዛሬ ይሂድ ነገ፣ ከሁሉ በፊት ይሂድ ከሁሉ በኋላ፣ ዕጣው አይለወጥም። መለሰ ቢሰበሰብ የእሱን መንገደኞች ሌላው ያስኬዳቸዋል።

«አንድ ነገር አለ» አለች አማረች። «ሰባተኛውና ስምንተኛው ጎረቤት ናቸው። መነሻቸው ሲቀራረብ የመጀመሪያ ቁጥራቸውም ይቀራረባል። ተያይዘው ይገባሉ፣ ተያይዘው ይወጣሉ።»

እውነቷን ነው። የዓለምወርቅ ከሰባትና ከስምንት ተነስታ ሞከረችው፤ 2958 እና 3379። «እንግዲያው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች አውጥተን እንጥላለን። እስከዚያ ይለያያሉ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት መለሰ ከስብሰባው ወጥቶ መጣ። ስለ ስብሰባው አልጠየቁትም፤ አልተናገረም። ስለ አዲሱ መላ ነገሩት።

«በመጨረሻ ይለፍ ወረቀት ሰጣችኋቸው በሉኛ» አለና ተቀመጠ።

ሐሙስ አንዴ አስኬዱ። ከሰዓት ሦስት ሰው ብቻ ሆነው፣ ከሺህኛው ጀምረው ወደ አንደኛው እየቆጠሩ ደገሙት። ሁለቱም ጊዜ ያው መልስ ወጣ። ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ያለፉትም ያው መንገደኞች ናቸው።

አስራ አንድ።

ደስታው ለአንድ አፍታ ነበር። ከዚያ ሁሉም የደንቡን አስር አስታወሰ።

«በአንድ» አለ መለሰ።

አማረች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሺህ አንድ እስከ ሁለት ሺህ ያሉትን ብናስኬድስ? ሌሎች መንገደኞች ናቸው፤ ሌላ መልስ ያወጣሉ። ስምንት ሊሆን ይችላል። ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን ሲደገም ያው ነው። ማንም ውሸት አይለውም።»

የዓለምወርቅ እርሳሷን አስቀመጠች። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ እሱ ነው አስቸጋሪው። መሣሪያው አገሯ ይገባል። አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ከበቅሎ ወድቀው ወጌሻ ያሰረላቸው እግር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

«አስራ አራት ቢወጣስ?» አለች።

«እንጥለዋለን፤ ሌላ ሺህ እንወስዳለን።»

«እስከሚስማማን ድረስ።»

«እስከሚስማማን ድረስ» አለች አማረች፤ ስትሰማው ራሷን አልጣማትም።

«ከግንቡ ኋላ የምትቆመው ሐረገወይን ናት። እሷ መንገደኞቿን አትመርጥም። በአንደኛው ጀመርን፣ በሺህኛው ጨረስን። አስራ አንድ ነው።»

አርብ ዓለምነው ከደባርቅ አቧራ ለብሶ መጣ። ውጤቱን ነገረችው። ከቦርሳው የራሱን ካልኩሌተር አወጣ።

«መንገደኛ ሦስት መቶ አርባ።» ብቻውን አሰላ። ከ340 ተነስቶ ቁጥሮቹን አወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጣለ፣ በየረድፉ አስኬደው። «አራተኛው ረድፍ ላይ ተዋጠ።»

አማረች ወረቀቷን አየች። «አራተኛው።»

ሌላ ጠየቀ። ሌላ። ያለፉትንም አስራ አንዱን አንድ በአንድ ራሱ አስወጣቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ ካልኩሌተሩን አጠፋ።

«ሥራው ንጹሕ ነው። ግንቡ አይበቃም።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ያወቅሽውን ደብቀሽ ቢሆን ኖሮ እኔ አላውቅም ነበር።» ካልኩሌተሩን ወደ ቦርሳው መለሰ። «መሣሪያውን የሚጭነው ማኪና እስከ ረቡዕ አይመጣም። እኔም እስከዚያ እዚህ ነኝ።» ጊዜ አለሽ ማለቱ ነበር። ከዚህ በላይ መናገርም ሥራው አልነበረም።

የዓለምወርቅ በዚያው ቀን ከአዘዞ በእህል ማኪና ላይ ተጭና ኮላ ድባ ገባች። አያ ክንዱን ከግንቡ ጥግ አገኘችው።

«አያ ክንዱ፣ ግንቡ ይሳሳል።»

«ምነው? አንቺ ራስሽ ስምንት ብለሽ በግ አሳርደሽን አልነበር?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«በጉስ?»

«በጉ ትክክል ነበር።»

አያ ክንዱ ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ እንደ በሬ። «ስንት ይጎድለዋል?»

«ከውጭ በኩል አንድ ረድፍ። ከአፈሩ እስከ ጣሪያው።»

«ደምቢያ ሜዳ ነው፤ ድንጋይ እንደ ጓያ አይበቅልበትም» አለ። ግን ይህን ሲል ፊቱን ወደ አህያ ጫኞቹ አዙሮ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ አስለፈፈ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ውሏል። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ የተሰበሰበ አልነበረም። ማክሰኞ ማታ የመጨረሻው ድንጋይ ገባ።

ረቡዕ ጠዋት በቤተ ሙከራው ተገናኙ። ዓለምነው ሰዓቱን አየ። የጭነት ማኪናው ደርሷል፤ ሹፌሩ ከመጋዘኑ በር ላይ ቁርሱን እየበላ ነው።

«አዲስ ግንብ ነው። ሺውን እንደገና ማስኬድ አለባችሁ። ሹፌሩ እስከዚያ አይጠብቅም» አለ ዓለምነው። በድምፁ ውስጥ እውነተኛ ኀዘን ነበር።

«ሺውን አናስኬድም» አለች የዓለምወርቅ። «አስራ አንዱን ብቻ ነው።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ የድሮውን ግንብ ውጭ ፊት አላዩም። ወይ ተውጠዋል፣ ወይ ተመልሰዋል። ድንጋይ የጨመርነው በውጭ ነው፤ እነሱ ሳይደርሱበት ነው የቀሩት። መንገደኞቹም ያው ናቸው፣ ዕጣቸውም ያው ነው። አዲሱን ረድፍ የሚያገኙት ያለፉት ብቻ ናቸው።»

ዓለምነው አሰበው። በድሮው በጥሪው መላ ቢሆን ይህ አይቻልም ነበር። አንድ ረድፍ ሲጨመር ጥሪው ይረዝማል፤ ጥሪው ሲረዝም የሁሉም ዕጣ ይዛወራል፤ ሺውም አዲስ ይሆናል። አሁን ግን አስራ አንዱ እንደ ትናንትናቸው በድሮው ግንብ ውጭ ፊት ላይ ቆመው ነበር።

«ቀጥሉ» አለ።

ስድስት ሰው አስራ አንድ መንገደኛ ተካፈለ። መለሰ ሁለት ደረሱት።

«ተዋጠ» አለ። «ይሄኛው ደግሞ ተመለሰ... ተመልሶ ገባ... ተዋጠ።»

«አንተ የያዝከው ሁሉ» ጀመረች አማረች።

«ዛሬስ አትናገሪኝ፤ ዛሬ ለዚሁ ነው የተቀጠርኩት።»

አማረች ካስኬደቻቸው አንዱ አለፈ። ከሌሎቹ ሦስት አለፉ። የዓለምወርቅ ደመረች፤ ዓለምነውም ለብቻው ደመረ።

«አራት።»

«አራት» አለ ዓለምነው። ብዕሩን አወጣና ፈረመ። ከዚያ ውጭ ወጥቶ ሹፌሩን አነጋገረው። ሹፌሩ ወደ ሌላ አውራጃ ለመሄድ የሰነቀውን ስንቅ አይቶ ተቆጣ፤ ኮላ ድባ ለምሳ ይደረሳል።

መሣሪያው የካቲት ውስጥ ተተከለ። ኮላ ድባ የመጀመሪያውን ፎቶ የሚነሳ ሰው አልጠፋም፤ አያ ክንዱ ግራ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ መጣ። እሑድ ዕለት ድንጋይ ወድቆበት ነበር። ሐረገወይን እጁን አስተካክላ አስቀመጠችውና ከግንቡ ኋላ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች። ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል።

የዓለምወርቅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ምነው ያኔ አልተናገርክም?»

«ማን ይታገሰኛል» አለ አያ ክንዱ። «ሁላችሁም ረቡዕ፣ ረቡዕ ትሉ ነበር።»